የሰው ድካም በዳዕዋ ስም ሐላል አይሆንም



ከመስጊድ በር ላይ የሰው ጫማ አንስቶ የሄደ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ጫማው ያረጀም ይሁን አዲስ፣ ወሳጁ ችግረኛም ይሁን ጥጋበኛ ስሙ አይለወጥም። «ሌላ መስጊድ ሄጄ ልሰግድበት ነው የወሰድኩት» ቢል ደግሞ በድርጊቱ ላይ ድፍረት ጨመረበት እንላለን እንጂ ምክንያቱን አንቀበለውም። ታዲያ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት እንቅልፍ አጥተው፣ ኪታብ ከኪታብ አመሳክረው፣ ያልገባቸውን ዑለማ ደጅ ሄደው ጠይቀው የጻፉትን ጽሑፍ ከድረ ገጻቸው ላይ አንስቶ፣ ስማቸውን ቆርጦ ጥሎ፣ የራሱን ስምና አርማ ለጥፎ የሚያሰራጨውን ሰው ምን እንበለው? እኛማ የምንለውን ብለነዋል። «ባረከላሁ ፊክ» ብለነዋል። «ጀዛከላህ ኸይር ኡስታዝ» ብለነዋል። ጫማውን የተቀማው ሰው ግን ባዶ እግሩን ቆሞ ያየናል።

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም ለማያውቁ ወላጆች ባጭሩ እንግለጸው። ድረ ገጽ ላይ የሰፈረን ጽሑፍ ለመገልበጥ ጣት ብቻ ይበቃል፤ ጽሑፉን በጣት ይዞ ማንሳት፣ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ አለቀ። አንድ ወር የፈጀ ሥራ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ቴሌግራም ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ በሌላ ሰው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። አንዳንዱ ደግሞ ይህም በዝቶበት ጽሑፉን በድምፅ አንብቦ ዩቲዩብ ላይ ይጭነውና ከማስታወቂያ የሚገኘውን ገንዘብ ይቀበላል። ሌላው ቀርቶ ጸሐፊው የሳተውን ፊደል እንኳ ሳያርም እንዳለ ይወስደዋል። የተገለበጠ ጽሑፍ የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው፤ ስሙ ተለውጦ ስህተቱ ሳይለወጥ ይገኛል።

ይህ ጠባይ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ አይደለም። የካሴት ዘመንን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የመንዙማና የዳዕዋ ካሴት ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ማባዛት ክልክል እንደሆነ ይጻፍ ነበር። በማግስቱ ግን ካሴት ቤቱ በሁለት የቴፕ ማጫወቻ እያባዛ በግማሽ ዋጋ ይሸጠው ነበር፤ ከግልባጭ ላይ የተወሰደው ሌላ ግልባጭ ድምፁ እየሻከረ ሄዶ በመጨረሻ የሸኹን ቃል ከጩኸቱ መለየት ያስቸግር ነበር። አሁን የተለወጠው ነገር ድምፁ አለመሻከሩ ነው። መቶኛው ግልባጭ እንደ አንደኛው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስለዚህም የትኛው ዋናው፣ የትኛው ግልባጩ እንደሆነ የሚለይ ሰው ጠፋ።

እንግዲህ ይህን የሚያደርጉ ወንድሞች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ኢልም የአላህ ነው፤ የማንም የግል ንብረት አይደለም» ይላሉ። ቀጥለውም ኢልምን መደበቅ ከባድ ወንጀል መሆኑን ያስታውሱናል። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ከተነሣንበት ጉዳይ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጽሑፉን በድረ ገጹ ላይ ለዓለም ሁሉ በነጻ የዘረጋ ሰው ምኑን ደበቀ? መደበቅ ከተባለማ የደበቀው ገልባጩ ነው፤ የጸሐፊውን ስም፣ የጻፈበትን ቀን፣ የጠቀሳቸውን ኪታቦች ዝርዝር ቆርጦ የጣለው እርሱ ነው። «ኢልም የማንም አይደለም» ካለ በኋላ ደግሞ የራሱን አርማ ከላይና ከታች ይለጥፍበታል። የማንም ካልሆነ የእርሱ የሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ኢልም የአላህ መሆኑን ከእኛ አብልጠው የሚያውቁት የቀደሙት ዑለማ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበሩ ብናስተውል እናፍራለን። የሐዲስ ሳይንስ የቆመው በሰነድ ላይ ነው፤ ማለትም «ከማን ሰማኸው? እርሱስ ከማን?» በሚለው ጥያቄ ላይ። ቃሉ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ሆኖ ሳለ፣ ማለትም ከማንም በላይ የጋራችን የሆነ ነገር ሆኖ ሳለ፣ አስተላላፊው ያልሰማውን ሰማሁ እንዲል አልተፈቀደለትም። እንዲያውም የሐዲስ ሊቃውንት አስተላላፊዎችን ሲመዝኑ ከሚጠቀሙባቸው ከባድ የውግዘት ቃላት አንዱ «የስሪቁል ሐዲስ» የሚለው ነው፤ «ሐዲስ ይሰርቃል» ማለት ነው። ይህ ሰው ሐዲሱን ፈጠረ አልተባለም። ሐዲሱ አለ፤ ሌላ ሰው ከሸኹ መስማቱ ይታወቃል። ሰውየው ግን ከዚያ ሸኽ ሳይሰማ «እኔም ሰምቻለሁ» ብሎ ራሱን ሰንሰለቱ ውስጥ አስገባ። በዚህ ብቻ ሌባ ተባለ፤ የሚያስተላልፈውም ሁሉ ተጣለበት። «ቃሉ እንደሆነ እውነት ነው፤ ማንም ቢያስተላልፈው ምን ችግር አለው?» ያለለት አልነበረም።

ከዚሁ ሳይንስ ሌላም የምንማረው አለ። አንድ ሰው ከሸኹ አፍ ያልሰማውን፣ ነገር ግን በሸኹ የእጅ ጽሑፍ ያገኘውን ነገር እንዴት ያስተላልፍ? ለዚህ «ዊጃዳ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ትርጉሙም «ማግኘት» ነው። አስተላላፊው «ነገረኝ» አይልም፤ «ሰማሁ» አይልም፤ በእገሌ የእጅ ጽሑፍ ይህን አገኘሁ ብሎ ይናገራል። የኢማሙ አሕመድ ኢብኑ ሐንበል ልጅ ዐብደላህ የአባቱን ሙስነድ ሲያስተላልፍ በቃል ያልሰማውና በአባቱ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ በአባቱ መጽሐፍ በገዛ እጁ ተጽፎ ያገኘው መሆኑን ለይቶ ይገልጻል። ልጅ ነው፤ የአባቱ ደረሳ ነው፤ ወራሽ ነው፤ በአንድ ቤት የኖረ ነው። «አባቴ ነገረኝ» ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? እርሱ ግን ለየ። የእኛ ዘመን ሰው ደግሞ በማያውቀው ሰው ድረ ገጽ ላይ ትላንት ማታ ያገኘውን «ካደረግኩት ጥናት» ብሎ ያቀርበዋል።

አገራችንም ብትሆን በዚህ ረገድ ባዕድ አይደለችም። ማተሚያ ቤት ባልነበረበት ዘመን በሐረርም ሆነ በወሎ መድረሳዎች ኪታብ የሚባዛው በእጅ ነበር። መገልበጥ ነውር አልነበረም፤ የደረሳው ዋና ሥራ ነበር። ነገር ግን ገልባጩ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሲፈርም የኪታቡን ባለቤት ስም በክብር አስቀምጦ፣ የራሱን ስም «ጻፊው» ብሎ ዝቅ አድርጎ፣ ዱዓ ለምኖ ነበር የሚለየው። ወራት የፈጀ ግልበጣ ሠርቶ እንኳ ደራሲ ነኝ አላለም። እኛ በግማሽ ደቂቃ ገልብጠን ደራሲ ሆንን!

በዚህ ጉዳይ ላይ ከኢማሙ ሱዩጢ የበለጠ የተቆጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሱዩጢ (በ911 ዓ.ሂ. የሞቱት) ብዙ የጻፉ ናቸው፤ በጸሐፊና በሌባ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዳ ራሱን የቻለ ትንሽ ድርሰት ሳይቀር ጽፈዋል። ሰዎች ከድርሰቶቻቸው እየወሰዱ ስማቸውን አለማንሣታቸው እጅግ ያንገበግባቸው ነበር። የቡኻሪን ሐዲስ መጽሐፍ በማብራራት የታወቁት ኢማሙ ቀስጠላኒም (በ923 ዓ.ሂ. የሞቱት) በዚሁ ተከሰሱ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ክሱ የቀረበው በዘመኑ ታላቅ ዓሊም በሸኹል ኢስላም ዘከሪያ አል-አንሷሪ ፊት ነው። ማስረጃ ሲጠየቁ ሱዩጢ ያቀረቡት ነጥብ ዛሬም ቢሆን ከማንኛውም የፍርድ ቤት ክርክር የሚስተካከል ነው። ቀስጠላኒ በድርሰታቸው «በይሀቂ እንዲህ ብለዋል» እያሉ በብዙ ቦታ ጠቅሰዋል። የበይሀቂ ድርሰቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። እንግዲያው ከየትኛው የበይሀቂ ድርሰት እንዳገኙት ይንገሩን አሉ። ቀስጠላኒ መናገር አልቻሉም። ለካ ያገኙት በቀጥታ ከበይሀቂ አልነበረም፤ በይሀቂን የጠቀሱት ሱዩጢ ነበሩ፣ ቀስጠላኒ ያነበቡት የሱዩጢን ነበር። ማለት የነበረባቸው «ሱዩጢ ከበይሀቂ እንደጠቀሱት» ነበር።

ነጥቡን ልብ በሉት። ቀስጠላኒ ዋናውን ምንጭ ጠቅሰዋል፤ የበይሀቂን ስም አልደበቁም። የተከሰሱት መካከለኛውን ሰው፣ ያንን ቃል ከብዙ ኪታብ መካከል ፈልጎ ያወጣውን ሰው በመዝለላቸው ነው። ዛሬ ስንቱ ነው «ቡኻሪ ዘግበውታል» ብሎ ሲጽፍ ቡኻሪን ገልጦ የማያውቀው? ሐዲሱን ፈልጎ ያገኘው፣ ወደ አማርኛ የመለሰው፣ ቁጥሩን ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ የዚያ ሰው ድካም ግን «የጋራ ምንጭ ነው» ተብሎ ይዋጣል። ሱዩጢ ቢኖሩ ኖሮ «የሐዲሱን ቁጥር ከየትኛው እትም አገኘኸው?» ብለው ይጠይቁት ነበር።

የታሪኩም ፍጻሜ የሚያስደንቅ ነው። ቀስጠላኒ የሱዩጢን ቅያሜ ለማንሳት ከካይሮ ተነሥተው ሱዩጢ ይኖሩበት ወደነበረው ወደ ረውዳ በእግራቸው ሄዱ ይባላል፤ ጫማም ሳያደርጉ፣ ራሳቸውንም ሳይጠመጥሙ። በር አንኳኩ፤ ማን ነው ሲባሉም ቀስጠላኒ መሆናቸውንና ልባቸው እንዲታረቃቸው ባዶ እግራቸውን መምጣታቸውን ተናገሩ። ሱዩጢም ከውስጥ ሆነው ልባቸው እንደታረቀ ነገሯቸው፤ በሩን ግን አልከፈቱም። እኔ በበኩሌ ከሁለቱም የማደንቀው ቀስጠላኒን ነው። የተከበሩ ዓሊም ነበሩ፤ መልሰው ሊከራከሩ፣ ደጋፊ ሊያሰልፉ ይችሉ ነበር። የእኛን ዘመን ገልባጭ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ የእገሌ ጽሑፍ ነው» ብላችሁ በግል ብትጽፉለት የሚያደርገው ምንድን ነው? ያስወጣችኋል፤ ከገጹም ያግዳችኋል።

ሸሪዓዊ ብይኑን በተመለከተ በዘመናችን ዑለማ መካከል ውይይት ተደርጎበታል። ከሕንድ ክፍለ አህጉር ታላላቅ ዑለማ መካከል እነ አሽረፍ ዐሊ ታነዊና ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ የድርሰት መብት እንደ ንብረት ተሸጦ ሌላውን ከማተም መከልከሉን አልተቀበሉትም ነበር። የሙፍቲ ሸፊዕ ልጅ ሙፍቲ ተቂ ዑስማኒ ግን መብቱን ደግፈው ጽፈዋል። ገልባጮች የመጀመሪያዎቹን ስም ሲያገኙ ይደሰቱ ይሆናል፤ አይቸኩሉ። የነዚያ ዑለማ ክርክር የነበረው ማሳተምን ለሌላው መከልከል ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ ነው። የሌላውን ስም ፍቆ የራስን መጻፍ የክርክሩ ርዕስ አልነበረም፤ ማጭበርበር ነውና። በ1988 እ.ኤ.አ. በኩዌት በተካሄደው 5ኛ ጉባኤው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ጉዳዩን መርምሮ በቁጥር 43 ባሳለፈው ውሳኔ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የታወቀ የባለቤቱ ሐቅ እንደሆነና መድፈሩም እንደማይፈቀድ አስታውቋል። ያልሠራውን ሠራ ተብሎ ሊመሰገን የሚወድ ሰው በቁርኣን እንዴት እንደተወገዘ፣ ያልተሰጠውን እንደተሰጠው ሆኖ የሚታየውም ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሐሰት ልብስ ጋር እንዳመሳሰሉት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የአካዳሚ ውሳኔ እስኪመጣለት አይጠብቅም።

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ሆኖ ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ እንዲያገኝ ደንግጓል። ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመን ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ገንዘብ ነክ ከሆነው መብት ሌላ የሞራል መብትም አለ፤ ስሙ እንዲጠቀስና ሥራው እንዳይጣመምበት የመጠየቅ መብት። ከዚህም በላይ አዋጁ ምንጭ ጠቅሶ በአግባቡ መጥቀስን ይፈቅዳል። እንግዲህ ከፈቀደው ይልቅ የከለከለውን መርጠን የምናደርገው ለምንድን ነው?

ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ የጸሐፊው ስም መጥፋት አይደለም። ጸሐፊው ኢኽላስ ካለው አጅሩ ከአላህ ዘንድ አይጠፋም፤ ይህን ገልባጮችም ደጋግመው ይነግሩናል፤ ተበዳይን በአጅር ማጽናናት ለበዳይ የቀለለ ሥራ ነውና። የሚያሳስበኝ አንባቢው ቤተሰብ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ።

የዘካ ኒሷብ በወርቅ ሲሰላ 85 ግራም ገደማ፣ በብር ማዕድን ሲሰላ ደግሞ 595 ግራም ገደማ ነው። በየትኛው ይሰላ በሚለው ላይ ዑለማ ይለያያሉ፤ እርሱን እንተወው። ይህ መጠን በየቀኑ ገበያ ዋጋ ወደ ገንዘብ ይመነዘራል። ጠንቃቃ ጸሐፊ ድረ ገጹ ላይ «የዘንድሮው ኒሷብ ይህን ያህል ብር ነው» ብሎ ሲጽፍ ቀኑን ያስቀምጣል፤ ዋጋው ሲለወጥም ተመልሶ ያርመዋል። ገልባጩ መጥቶ ቁጥሩን ወሰደ፤ ቀኑን አልወሰደም፤ ምክንያቱም ቀኑና ስሙ ያሉት አንድ መስመር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የሚሰላው ኒሷብም አብሮ ወጣ። ዋናው ጸሐፊ ድረ ገጹ ላይ አስተካከለ። ግልባጮቹ ግን የትም አሉ፤ ማንም አያርማቸውም፤ ባለቤት የላቸውማ!

አሁን ይህን ያለ ቀን የተለቀቀ ቁጥር በረመዳን አንዲት እናት ስልኳ ላይ አገኘችው እንበል። ባሏ የሞተባት፣ ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ብላ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመች ናት። በአሮጌው ቁጥር ስታሰላ ኒሷብ ደርሶባታል። በትክክለኛው ቁጥር ግን ሰጪ ሳትሆን ምናልባትም ተቀባይ ናት። ያላትን ቀንሳ ሰጠች፤ አላህ ይቀበላት። በሰፈሯ ዘካ የሚያከፋፍሉት ሰዎችም ያንኑ ቁጥር ይዘው ከሆነ «አንቺማ ባለ ኒሷብ ነሽ» ብለው ይመልሷታል። ይህች እናት ማንን ትጠይቅ? ጽሑፉ ላይ ያለው ስም የገልባጩ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቁጥሩ እንዴት እንደተሰላ አያውቅም። የጸሐፊው ስም ኖሮ ቢሆን ቢያንስ ወደ ዋናው ገጽ ሄዳ እርማቱን ታገኘው ነበር። ሰነድ የሚባለው ነገር ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ለጌጥ የተቀመጠ የስም ዝርዝር አይደለም።

በውርስ ጉዳይ የሚደርሰው ከዚህም ይከፋል። ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴት ልጆች የውርሱን ሁለት ሦስተኛ የሚወስዱት ወንድ ልጅ በሌለ ጊዜ ነው። ወንድ ልጅ ካለ ለአንድ ወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ሆኖ ይከፋፈላሉ። ለቴሌግራም እንዲያጥር ተብሎ «ወንድ ልጅ በሌለ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ቢቆረጥስ? ሦስት እህቶችና አንድ ወንድም ያሉበት ቤት ለልጆቹ የቀረው አምስት ቦታ ተከፍሎ ወንድሙ ሁለቱን ሊያገኝ ሲገባ አንድ ሦስተኛ ነው የሚደርስህ ይባላል። እህትና ወንድም ሳይነጋገሩ ለሚቀሩበት ዓመታት ምክንያቱ አንድ ሐረግ ነው፤ ሐረጉን የቆረጠው ሰውም ይህን አያውቅም፤ በዚያ ቀን ስንት ሰው እንደወደደለት ብቻ ነው የሚያውቀው።

አሁን ደግሞ አዲስ ዘዴ መጥቷል። ገልባጩ ጽሑፉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጥና «በሌላ አነጋገር ጻፍልኝ» ይላል። ቃላቱ ስለሚለወጡ ግልባጭ መሆኑ አይታወቅም፤ እርሱም «የራሴ አቀራረብ ነው» ይላል። በተረት ላይ ቢሆን ብዙ ባልጎዳ። በፊቅህ ጽሑፍ ላይ ግን ቃል ብይን ነው። «ይጠላል» ማለት መክሩህ ነው፤ «ክልክል ነው» ማለት ሐራም ነው፤ «ይወደዳል» እና «ግዴታ ነው» መካከል ያለው ርቀት ዑለማ ስንት ክርክር ያደረጉበት ነው። ቃላትን ለውጥ የተባለ መሣሪያ ይህን ርቀት አይጠብቅም። የተጠላውን ሐራም አድርጎ፣ ሐላል የነበረውን አጠራጣሪ አድርጎ ቢመልሰው ገልባጩ ልዩነቱን በምን ያውቃል? ዋናውን ጽሑፍ ለመጻፍ የሚያበቃ ዕውቀት ቢኖረው መጀመሪያውኑ አይገለብጥም ነበር።

በአማርኛ ኢስላማዊ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ድረ ገጾች የሚኖሩት በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነው። የድረ ገጹ ኪራይና የስሙ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው የሚከፍለው። ጎብኚው ሁሉ ግልባጩን እያነበበ ዋናው ቤት ባዶ ሲሆን፣ ለዓመቱ ክፍያ ይረዳ የነበረው ሰው «ማን ያየዋል?» ብሎ ይተወዋል። ክፍያው ሲቋረጥ ድረ ገጹ ይዘጋል፤ ከነእርማቱ፣ ከነኪታብ ዝርዝሩ ይጠፋል። ግልባጮቹ ብቻ ይቀራሉ፤ የሚገለብጡት አዲስ ነገር ስለማይኖርም ያንኑ አሮጌ ጽሑፍ በየረመዳኑ ያመላልሱታል። ይህን ሁኔታ ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም።

ታዲያ ጸሐፊዎቹ ምን ያድርጉ? ጽሑፉ እንዳይነካ በድረ ገጹ ላይ ቁልፍ ማድረግ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልደግፈውም። ቆራጥ ገልባጭን አያቆመውም፤ የሚያስቸግረው አንዲት አንቀጽ ለልጇ ልታሳይ የፈለገችውን እናት ነው። የሚጠቅመው ማስረጃ መያዝ ነው። ጽሑፉ እንደወጣ ቀኑን ከስም ጋር በጽሑፉ መካከልም ማስገባት፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ከሆነ በአንድ ቁረጣ ይወድቃልና። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢንተርኔት ገጾችን የሚያከማቸው ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ተቋም አለ፤ ማንም ሰው ገጹን እዚያ በነጻ ማስቀመጥና በየትኛው ቀን እንደነበረ በኋላ ማሳየት ይችላል። ስንትና ስንት «እኔ ነኝ የቀደምኩት» የሚል ክርክር በዚህ ብቻ ይዘጋል። ገልባጩ በግል ተመክሮ እምቢ ካለ ደግሞ ፌስቡክም ሆነ ዩቲዩብ የቅጂ መብት አቤቱታ የሚቀበሉበት መንገድ አላቸው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ መነሻቸው ነው። «ሙስሊም ወንድሙን ለካፊር ኩባንያ ከሰሰ» የሚል ወሬ ይነሣ ይሆናል። ጫማውን የተሰረቀ ሰው ለዘበኛ ቢናገር እንዲህ ይባላል?

ሁሉም መገልበጥ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። መጽሐፍ መግዛት ያልቻለ ደረሳ ለራሱ ጥቂት ገጽ ፎቶ ኮፒ ቢያደርግ፣ አባት ለልጆቹ አንድ ጽሑፍ አትሞ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ፣ ይህን ከሌብነት የሚቆጥር ጸሐፊ ካለ እርሱ ራሱ ልቡን ይመርምር። ወሰኑ የሚያልፈው ስም ሲፋቅና ገበያ ሲወጣበት ነው። በነጻ መስጠትና ባለቤትን ማክበር አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ማየት የፈለገ ታንዚል የተባለውን የቁርኣን ሥራ ይመልከት። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥንቃቄ የተመረመረ የቁርኣን ጽሑፍ ለኮምፒውተርና ለስልክ ሠሪዎች በነጻ ይሰጣሉ። ሁኔታው ግን አለ፤ ጽሑፉ እንዳይለወጥ፣ ምንጩም እንዲጠቀስ፣ እርማት ሲኖር ተጠቃሚው እንዲያገኘው ወደ ዋናው ቦታ የሚያመለክት እንዲቀመጥ። የሚሰጡት የአላህን ቃል ነው፤ «የእኛ ነው» አላሉም። ምንጩ ይጠቀስ ያሉት ፊደል እንዳይወድቅ ነው።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አለ። በ1961 ዓ.ም. የታተመው፣ ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ ያዘጋጁት የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ዛሬ በሚሊዮን በሚቆጠር ስልክ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከሚጠቀሙበት ወጣቶች መካከል የሁለቱን አባቶች ስም የሚያውቀው ስንቱ ነው? ትርጉሙን ያለ ስም የሚያሰራጩ ገጾች አሉ፤ አንባቢው የሰው ትርጉም እያነበበ መሆኑን እንኳ ይረሳል፤ የአማርኛውን ቃል እንደ ዋናው ቃል ይዞ ይከራከርበታል። ትርጉም መሆኑን የሚያስታውሰን የተርጓሚው ስም ነበር።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ለመድረሳ ወይም ለትምህርት ቤት የሚያቀርበውን ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ ውበቱን ከማድነቃችሁ በፊት «ከየት አገኘኸው?» በሉት። ካልገባው ነገር ላይ ጣታችሁን አድርጉና ያስረዳችሁ። «ከኢንተርኔት» ብቻ ካለ መልስ አይደለም፤ ኢንተርኔት ሰው አይደለም። የማን ገጽ? መቼ የተጻፈ? ብላችሁ አስፈልጉት። በምናውቃቸው ቤቶች ልጁ የገለበጠውን በድምፅ ሲያነብ አባትየው በስልክ እየቀረጸ «ማሻአላህ፣ ደራሲ ወጣልን» ይላል። ልጁ የሰማው ትምህርት ምን እንደሆነ አባትየው ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነበር።

በመጨረሻ የሚመጣብን ጥያቄ ይህ ነው። «እኔ ያገኘሁት ስሙ ከተፋቀ በኋላ ነው፤ ጽሑፉ ይጠቅማል፤ ባለቤቱን አላውቅም፤ ምን ልጻፍ?» ይላሉ። መጀመሪያ ፈልጉ፤ ከጽሑፉ መካከል አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ በኢንተርኔት መፈለጊያ ውስጥ ብታስገቡ ብዙ ጊዜ ቀዳሚውን ታገኛላችሁ። ብይን፣ ሒሳብ ወይም የሕክምና ጉዳይ ያለበት ሆኖ ባለቤቱ ካልተገኘ አታሰራጩት፤ የሚጠየቅበት የለውምና። ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን የዐብደላህን መንገድ ያዙ፤ «ጸሐፊውን አላወቅሁትም፤ በዚህ ገጽ፣ በዚህ ቀን አገኘሁት» ብላችሁ ከላይ ጻፉ፤ ባለቤቱ የመጣ ዕለት ስሙን የምታስገቡበት ቦታም ትታችሁ።